ስለ ጀልባ ባትሪና ስለ ቍር ወራት ጥበቃው

እኛ ክረምት ስንል ዝናሙን፣ ጭቃውን፣ የሞላውን ወንዝና መሻገሪያ አጥቶ በዳር የቆመውን መንገደኛ እናስባለን፤ በሰሜን አውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የሚኖር ሰው ግን ክረምት ሲል ውሃው ራሱ እንደ ደንጊያ ጸንቶ ሰው በላዩ የሚሄድበትን፣ ፀሐይም ለጥቂት ሰዓት ብቅ ብላ የምትሰወርበትን ወራት ማለቱ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ያን ጊዜ ክረምት ከማለት ይልቅ የቍር ወራት እያልኩ እጠራዋለሁ፤ መጻሕፍት አስሐትያ የሚሉት ያ ነጭ ውርጭ በእኛ ደጋ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ በሣሩ ላይ ታይቶ ፀሐይ ስትወጣ የሚጠፋ እንግዳ ሲሆን፣ በዚያ አገር ግን አራትና አምስት ወር ተደላድሎ የሚቀመጥ ባለርስት ነውና።

በዚያ አገር ጀልባ ያለው ሰው ሁሉ፣ ባለጸጋም ቢሆን ድኻ፣ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር አንድ የታወቀ ሥርዓት ይፈጽማል፤ ጀልባውን ከውሃ አውጥቶ በእንጨት ርብራብ ላይ ያሳርፋል፣ በሸራ ይሸፍነዋል፣ በሞተሩ ውስጥ የቀረውን ውሃ ያፈስሳል፣ በመጨረሻም ያን ከባድ ጥቁር ሣጥን፣ ባትሪውን፣ ከሽቦው ፈትቶ በሁለት እጁ ታቅፎ ወደ መጠለያ ይወስደዋል። መልሕቁና ገመዱ፣ መቅዘፊያውና ወንበሩ እዚያው በሸራው ሥር ሲቀሩ ይህ አንዱ ብቻ እንደ ሕፃን ታቅፎ የሚገባበት፣ በየወሩም እየተጎበኘ የሚመገብበት ምክንያት ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ ከመቶ አርባ ዓመት በላይ የሆነው፣ ብዙ ሣጥን ተሰንጥቆና ብዙ ገንዘብ ባክኖ የተገኘ የዕውቀት ታሪክ ያገኛል።

ባትሪ ብርድን እንደሚፈራ እኔ በመጀመሪያ የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። አባቴ የሬድዮኑ ድምፅ ሲሰልልበት የባትሪ ድንጋዮቹን አውጥቶ በጓሮ በተጣለ ቆርቆሮ ላይ በረድፍ ያሰጣቸው ነበር፤ ማታ የዜና ሰዓት ሲደርስ ሰብስቦ ሲያስገባቸው ድምፁ ለጥቂት ጊዜ ይጠራል። «አባዬ፣ ፀሐይዋ ሞላቻቸው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «አልሞላቻቸውም፣ ቀሰቀሰቻቸው እንጂ» አለኝ። ዘግይቼ ትምህርቱን ባገኘሁ ጊዜ ቃሉ ልክ ሆኖ አገኘሁት፤ በድንጋዩ ውስጥ ተርፎ የነበረው ጥቂት ኃይል በብርድ ፈዝዞ ሳለ ሙቀቱ አፋጠነው እንጂ አዲስ ኃይል አልገባበትም ነበር። የጀልባው ባትሪ ነገር ግን ከዚህ ይለያል፤ ለእርሱ ብርድ የሚያፈዝዝ ብቻ ሳይሆን፣ በአንድ ሁኔታ ሲያገኘው ሣጥኑን ሰንጥቆ የሚገድል፣ በሌላ ሁኔታ ሲያገኘው ደግሞ ከጉዳት የሚጠብቅ ነው፤ ታሪኩም ሁሉ ሰዎች ይህን ሁለት ዓይነት ባሕርይ እንዴት ለይተው እንዳወቁት የሚናገር ነው።

ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ልጻፍና፣ ኮሞ በምትባል በኢጣልያ የሐይቅ ዳር ከተማ የተወለደው አሌሳንድሮ ቮልታ የመጀመሪያውን ባትሪ ለዓለም ያሳወቀው በ1800 ነበር። ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት ሳይሞላ፣ በፖትስዳም ተወልዶ በሩስያ የኖረው መሐንዲስ ሞሪትዝ ሄርማን ያኮቢ፣ በንጉሠ ነገሥቱ በቀዳማዊ ኒኮላስ ድጋፍ፣ በ1838 በሴንት ፒተርስቡርግ ከተማ በኔቫ ወንዝ ላይ አሥራ ሁለት ያህል ሰዎች የተሳፈሩበትን ጀልባ ያለ ቀዛፊና ያለ ሸራ፣ በኤሌክትሪክ ኃይል ብቻ፣ ወራጁን ውሃ እየተቃወመ እንዲሄድ አደረገው። ፍጥነቱ ከእግረኛ ፍጥነት የሚያንስ ነበር፤ በሚከተለው ዓመት በዚንክና በፕላቲነም፣ በናይትሪክ አሲድም በተሠራ በጠነከረ ባትሪ ቢያሻሽለውም፣ ከአሲዱ የሚወጣው ተን ተሳፋሪውን የሚያስጨንቅ ሆነ።

ኔቫ በየዓመቱ ለወራት በበረዶ የሚዘጋ ወንዝ ነው፤ ሆኖም ያኮቢ ባትሪውን በቍር ወራት እንዴት አድርጌ ላቆየው የሚል ጭንቀት አልነበረበትም። የእርሱ ባትሪ እንደ ምድጃ ነበርና ዚንኩ እንደ ማገዶ እየነደደ ያልቃል፤ ሥራው ሲፈጸም አሲዱ ይደፋል፣ የተረፈው ብረት ታጥቦ በደረቅ ስፍራ ይቀመጣል፣ በሌላ ቀን ሌላ ዚንክና ሌላ አሲድ ይገባበታል። ያለቀ ማገዶን የሚጠብቅ ሰው የለም። ጥበቃ የሚባለው ነገር የመጣው ባትሪ ኃይሉን አፍስሶ እንደገና የሚሞላ፣ ስለዚህም ከዓመት ዓመት የሚሻገር ዕቃ በሆነ ጊዜ ነው።

ይህን ያደረገው ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ ነው። በ1859 ሁለት የእርሳስ ሉሆች ወስዶ፣ እንዳይነካኩ በመካከላቸው መለያ አግብቶ፣ እንደ ብራና ጥቅል አንድ ላይ ጠቅልሎ፣ በውሃ የቀጠነ የድኝ አሲድ፣ እርሱም ሰልፈሪክ አሲድ የምንለው፣ ባለበት ዕቃ ውስጥ ነከራቸው፤ የኤሌክትሪክ ኃይል ሲያስገባባቸው ተቀበሉ፣ ሲጠይቃቸው መለሱ። በሚቀጥለው ዓመት ዘጠኝ እንዲህ ያሉ ጥቅሎችን አያይዞ ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አቀረበ። ነገር ግን ሉሆቹ ብዙ ኃይል መያዝ እንዲችሉ አንድ ጊዜ በዚህ፣ አንድ ጊዜ በዚያ አቅጣጫ ለወራት መሙላትና ማፍሰስ ያስፈልግ ነበር፤ ለማከማቻ የሚበቃ ኃይል በርካሽ የሚያመነጭ ዲናሞም ገና አልተገኘም ነበርና ሥራው ለሃያ ዓመት ያህል በቤተ ሙከራ ውስጥ ተወስኖ ቆየ።

ከዚያ ካሚል ፎር የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ በ1881 የእርሳስ ዱቄትን በአሲድ ለውሶ በሰሌዳው ላይ በመለጠፍ የወራቱን ልፋት ወደ ጥቂት ቀናት አሳጠረው። በዚያው ዓመት በግንቦት ግድም የተሞሉ የፎር ባትሪዎች በሣጥን ታሽገው ከፓሪስ በባቡርና በመርከብ ተጭነው፣ ኋላ ሎርድ ኬልቪን ወደ ተባለው ወደ ሰር ዊሊያም ቶምሰን፣ ወደ ግላስጎ ከተማ፣ ከሰባ ሁለት ሰዓት ጉዞ በኋላ ኃይላቸውን እንደ ያዙ ደረሱ። የዛሬ ሰው ይህን ሲሰማ ላይደነቅ ይችላል፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን በፊት የኤሌክትሪክ ኃይል በአብዛኛው በተፈጠረበት ስፍራ የሚቀር ወይም በሽቦ የሚጓዝ ነገር ነበርና፣ እንደ እህል በከረጢት ታሽጎ ባሕር ተሻግሮ በሌላ አገር መፈታቱ፣ ለዚያ ዘመን ሊቃውንት በእውነት ምሥጢር የሚመስል ነበር። ባትሪ ኃይሉን ይዞ ጊዜን መሻገር እንደሚችል የተረጋገጠበት የመጀመሪያው ጉዞ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በቍር ወራት በመደርደሪያ ላይ መቆየትም ያው በጊዜ ውስጥ የሚደረግ ጉዞ ነው።

ጀልባዎቹም ብዙ አልዘገዩም። በሴፕቴምበር 28 ቀን 1882 ኤሌክትሪሲቲ የተባለች የብረት ጀልባ፣ አንቶኒ ሬከንዛውን የተባለው መሐንዲስ ባዘጋጀላት ሞተር፣ አርባ አምስት ባትሪዎች ተሸክማ፣ አራት ሰዎች አሳፍራ በቴምዝ ወንዝ ላይ እስከ ለንደን ድልድይ ሄደች። በ1886 ደግሞ ቮልታ የተባለችው ጀልባ ከዶቨር ተነሥታ ካሌ ደርሳ በአንድ ቀን ተመለሰች፤ ስለዚያ ጉዞ ከሚነገረው ሁሉ በልቤ የቀረው ግን የፍጥነቷ ነገር ሳይሆን፣ በባሕሩ መካከል በማዕበሉ ላይ ያንቀላፋ አንድ ትልቅ ነጭ የባሕር ወፍ የጀልባዋን መምጣት ሳይሰማ ቀርቶ ተሳፋሪዎቹ በእጃቸው የያዙት መሆኑ ነው። የእንፋሎት ጩኸትና የከሰል ጥላሸት የለመደ ትውልድ ይህን ዝምታ ምን ያህል እንደ ወደደው ከዚህ ይታወቃል። በቴምዝ ላይ በሞሪትዝ ኢሚሽ አማካይነት ኃይል የሚሞሉ ተንሳፋፊ ጣቢያዎች ተተከሉ፤ በ1893 በቺካጎው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ከሃምሳ የሚበልጡ የኤሌክትሪክ ጀልባዎች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎችን አንሸራሸሩ።

እነዚህ ጀልባዎች ሁሉ የበጋ ጀልባዎች ነበሩ። የሽርሽሩ ጊዜ ሲያልፍ፣ የቺካጎ ሐይቅ ዳርቻ ሲረጋ፣ የቴምዝ ማለዳ በጉም ሲጋረድ፣ በወንበሮቹ ሥር ተደርድረው የቀሩት ባትሪዎች ምን ይሁኑ? ጀልባ ከነባትሪው በጎተራ ተዘግቶበት በሚያዝያ ሲከፈት፣ የባትሪው ጎን እንደ ነፍሰ ጡር ሴት ሆድ ተነፍቶ፣ ሰሌዳው ነጭ ቅርፊት ለብሶ፣ መሙያው ቢገናኝም አልቀበልም ብሎ መገኘቱ በዘመኑ የባትሪ ባለቤት ሁሉ የሚያውቀው ኀዘን ነበር። ከሁሉ የሚገርመው ግን በአንድ ጎተራ፣ በአንድ ብርድ፣ ጎን ለጎን ከዋሉት ሁለት ባትሪዎች አንዱ ሞቶ ሌላው በሕይወት መገኘቱ ነው።

ለዚህ መልስ የሚሆነውን ምሥጢር የገለጡት ጆን ሆል ግላድስቶንና አልፍሬድ ትራይብ የተባሉ ሁለት የእንግሊዝ የኬሚስትሪ ሊቃውንት ናቸው፤ ዘመኑም ኤሌክትሪሲቲ በቴምዝ ላይ የሄደችበት ያው 1882 ነው። እነርሱ እንዳስረዱት፣ ባትሪ ኃይሉን ሲያፈስስ በሁለቱም ወገን ያሉት ሰሌዳዎች የእርሳስ ሰልፌት ወደሚባል ነጭ ነገር ይለወጣሉ፤ ይህን ለመሥራት የሚያስፈልገውን ድኝ የሚያገኙት ከአሲዱ ነው። ስለዚህ ባትሪው ባዶ በሆነ መጠን አሲዱ ከፈሳሹ እየወጣ በሰሌዳዎቹ ውስጥ ይሰወራል፣ በሣጥኑ የሚቀረውም ከንጹሕ ውሃ ብዙ የማይለይ ቀጭን ነገር ይሆናል፤ ሲሞላ ደግሞ አሲዱ ከሰሌዳው ወጥቶ ወደ ፈሳሹ ይመለሳል፣ ፈሳሹም ይከብዳል። እንግዲህ ባትሪ ሲሞላ የሚከብደው ፈሳሹ ነው፤ ይህንም መዝነን የባትሪውን ልብ ማወቅ እንችላለን።

ቍሩም ፍርዱን የሚሰጠው በዚህ ላይ ነው። ሙሉ በሆነ ባትሪ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ከውሃ 1.28 ጊዜ ያህል ይከብዳል፤ እንዲህ ያለው ፈሳሽ ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ቢደርስበት እንኳ አይረጋም፣ ይህም የሰው ልጅ ጀልባ በሚያቆምበት ስፍራ እምብዛም የማይደርስ ቅዝቃዜ ነው። ክብደቱ ወደ 1.20 ሲወርድ የሚረጋበት ደረጃ ከዜሮ በታች ወደ 27 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ባዶ ሆኖ 1.10 ወይም 1.12 ላይ ሲደርስ ግን ከዜሮ በታች ከ7 እስከ 10 ዲግሪ ባለው ብርድ፣ ማለትም በዚያ አገር ማንኛውም ተራ የጥር ሌሊት በሚያመጣው ውርጭ፣ ይረጋል፤ ውሃም ወደ በረዶ ሲለወጥ በመቶ ዘጠኝ ያህል ስለሚሰፋ ሰሌዳውን ያጣምማል፣ ሣጥኑን ይሰነጥቃል። በአንድ ጎተራ የዋሉት ሁለቱ ባትሪዎች በአንድ ብርድ ሁለት ዕጣ የገጠማቸው አንዱ ጠግቦ፣ ሌላው ተርቦ ስለ ተኛ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የዘመኑን ሰዎች ያሳሳታቸው፣ ሙሉ ሆኖ የተኛ ባትሪ እንኳ ማንም ሳይነካው ከራሱ የሚጎድል መሆኑ ነው። ሰሌዳዎቹን የሚሸከመው የእርሳስ መረብ ለስላሳ ስለሆነ እንዲጠነክር አንቲሞኒ ይቀላቀልበት ነበር፤ ይህ ድብልቅ ጥንካሬ ሲሰጥ በውስጥ ትንሽ የማያቋርጥ መፍሰስን ያመጣል። በሞቀ ክፍል የተቀመጠ የቀድሞ ባትሪ በየቀኑ ከኃይሉ በመቶ አንድ ያህል ሊያጣ ይችላል፤ ሦስት ወር ሳይመለከቱት የቀሩ እንደሆነ ባዶ ሆኖ ይገኛል፤ የተፈጠረውም ሰልፌት ጊዜ ባገኘ ቍጥር ከለስላሳ ዱቄት ወደ ጠንካራ ቅንጣት ይለወጥና ከዚያ በኋላ ቢሞሉትም አይመለስም። ይህ መጉደል ግን የሚፋጠነው በሙቀት ነው፤ ቅዝቃዜው በአሥር ዲግሪ በጨመረ ቍጥር ወደ ግማሽ ይቀንሳል። እንግዲህ ባትሪውን ከብርድ ለማዳን ብሎ በምድጃ አጠገብ የሚያስቀምጠው ሰው፣ አባቴ የሬድዮውን ድንጋይ በፀሐይ እንዳሞቀው፣ ቸርነት ያደረገ እየመሰለው ኃይሉን ያስጨርሰዋል። የጥበቃው ሥርዓት ሁሉ በሁለት ነገር ተጠቃለለ፦ አስቀድሞ ሙሉ በሙሉ መሙላት፤ ከሞሉትም በኋላ በቀዝቃዛና በደረቅ ስፍራ አሳርፎ በየአራትና በየአምስት ሳምንቱ የጎደለውን መመለስ።

ይህ ዕውቀት ከሊቃውንት ጉባኤ ወደ ባለሙያው እጅ የወረደው በትንንሽ የመመሪያ መጻሕፍት ነው። በ1880ዎቹ የራሱን ቤት በኤሌክትሪክ ያበራው ሰር ዴቪድ ሳሎሞንስ ባትሪን ስለ ማስተዳደር የጻፈው መጽሐፍ እንዲህ ያለ የሥራ መመሪያ ነበር። እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የምወደው በ1920ዎቹ መጀመሪያ ቺካጎ ላይ የታተመውን የኦ. ኤ. ዊቴን የመኪና ባትሪ መጽሐፍ ነው፤ በዚያ ዘመን በሰሜን አሜሪካ መኪናም እንደ ጀልባ የቍር ወራት ሲመጣ በጎተራ ይዘጋ ነበርና፣ ባትሪው ወደ ባትሪ ቤት ተወስዶ በኪራይ እስከ ጸደይ ይጠበቅ ነበር። መጽሐፉ ሁለት ዓይነት አቀማመጥ ያስተምራል፤ አንደኛው እርጥቡ ነው፣ ባትሪው ከነአሲዱ ተቀምጦ በየጊዜው ይሞላል። ሁለተኛው ደረቁ ነው፤ እርሱንም ዝርዝር አድርጎ መናገር ይገባኛል፣ ዛሬ የሚሠራው ሰው ጠፍቷልና።

ባለሙያው ባትሪውን በመጀመሪያ ሞልቶ ያጠግበዋል። ከዚያ የሣጥኑን መዝጊያ ቅጥራን አሙቆ ያነሣና የሰሌዳዎቹን ነዶ ከአሲዱ ያወጣዋል፤ በሰሌዳዎቹ መካከል የገቡትን ቀጫጭን የእንጨት መለያዎች፣ አንድ ጊዜ ከደረቁ ስለሚሰነጠቁ፣ አውጥቶ ይጥላቸዋል። ቡናማዎቹ ሰሌዳዎች፣ ፖዘቲቮቹ፣ ታጥበው በሰላም ይደርቃሉ። ግራጫዎቹ ኔጋቲቮች ግን እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ ንጹሕ እርሳስ ስለሆኑ አየር ሲነካቸው ከአየሩ ጋር ይዋሐዱና በእጅ እስከማይያዙ ድረስ ይግላሉ፤ እንፋሎትም ያወጣሉ። ስለዚህ ሠራተኛው በአጠገቡ ባለ በርሜል ውሃ ውስጥ ይነክራቸዋል፣ ያወጣቸዋል፣ ሲግሉ ደግሞ ይነክራቸዋል፤ ይህን እየመላለሰ ግለታቸው እስኪበርድ ድረስ ይታገሣል። አሲዱን በጠርሙስ፣ ሰሌዳውን በመደርደሪያ፣ የባለቤቱን ስም በመለያ ወረቀት አድርጎ ያስቀምጣል። በጸደይ አዲስ መለያ፣ አዲስ አሲድ፣ ሁለትና ሦስት ቀን የሚፈጅ ዝግ ያለ ሙሌት። አንድ ባትሪ ለማስተኛትና ለመቀስቀስ ይህን ያህል የእጅ ሥራ ይፈጅ ነበር።

ባትሪን በወለል ላይ አታስቀምጡ፣ ሲሚንቶው ኃይሉን ይጠጣዋል የሚለው እስከ ዛሬ በየጀልባ ቤቱ የሚሰማ ቃልም ከዚሁ ዘመን የተወረሰ ነው። የቀድሞው ባትሪ ማኅደሩ የእንጨት ሣጥን ነበር፤ እንጨቱ ከእርጥብ ወለል ውሃ ሲስብ ያብጣል፣ አሲድ በተንጠባጠበበት ሣጥን ላይ ደግሞ እርጥበቱ ለኃይሉ ማምለጫ መንገድ ይሆናል። የዛሬው የፕላስቲክ ሣጥን እንዲህ ያለ ጉዳት አይደርስበትም፤ ነገር ግን አባት ለልጅ የነገረው ቃል ምክንያቱ ካለፈ በኋላም ይኖራልና ሰው ሁሉ ባትሪውን በሳንቃ ላይ ማስቀመጡን አልተወም። እኔም አልነቅፈውም፤ ሳንቃ ላይ ያለውን ባትሪ ጎንበስ ሳይሉ ማየት ይቻላል፣ የሚታይ ነገርም አይረሳም።

ከ1912 ወዲህ በመኪና ላይ በኤሌክትሪክ የሚነሣ ሞተር ሲለመድ የጀልባው ሞተርም ተከተለው፤ ቤንዚን የኤሌክትሪክ ጀልባዎቹን ከወንዙ አስወጣቸው፣ ባትሪውም ጀልባውን የሚነዳ መሆኑ ቀርቶ ሞተሩን ለማስነሣትና መብራቱን ለማብራት ብቻ የሚያገለግል ሆነ። በዚህ መካከል በ1935 በአሜሪካ በቤል ቤተ ሙከራ ሄሪንግና ቶማስ በአንቲሞኒ ፈንታ ካልሲየም ቢገባ መጉደሉ እጅግ እንደሚያንስ አሳዩ፤ በ1957ም በጀርመን አሲዱ እንደ ሙጫ የረጋበት ዝግ ባትሪ ተሠራ። የመጀመሪያው የዝምታ ሥራ ግን ፈጽሞ አልጠፋም፤ በባቫርያ ተራሮች መካከል ባለው በኮኒግዜ ሐይቅ ላይ ከ1909 ጀምሮ እስከ ዛሬ የኤሌክትሪክ ጀልባዎች ምእመናኑንና ጎብኚውን በሐዋርያው በቅዱስ በርተሎሜዎስ ስም ወደ ታነጸው ቤተ ክርስቲያን ያመላልሳሉ፣ በሐይቁ መካከልም ቆመው ጥሩምባ ሲነፉ ገደሉ ድምፁን ይመልሳል። በእነዚያ ጀልባዎች ባትሪው ጌታ እንጂ አሽከር አይደለም።

በስቶክሆልም አጠገብ፣ በሜላረን ሐይቅ ዳር፣ ባትሪ የሚጠብቁ አንድ ኢትዮጵያዊ ሽማግሌ አግኝቼ ነበር። በወጣትነታቸው በምጽዋ፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ በኖርዌይ መኮንኖች እርዳታ በተቋቋመው ባሕር ኃይል ውስጥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆነው አገልግለዋል፤ በ1991 መርከቦቹ ወደ የመን ሲሻገሩ እርሳቸውም ተሻግረው፣ ከብዙ መንከራተት በኋላ እዚያ ሰሜን ደረሱ። የገባሁበት ጎተራ ከውጭው ብዙም የማይሻል ብርድ ነበረበት፤ በረጅም ሳንቃ ላይ ሠላሳ የሚያህሉ ባትሪዎች ተደርድረዋል። «ጋሼ፣ እነዚህን ሁሉ ወደ ሙቁ ክፍል ለምን አያስገቧቸውም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ሙቀቱንማ ምጽዋ ሳለሁ አይቼዋለሁ፣ ልጄ» አሉ። «እዚያ ባትሪ የሚገድለው ሙቀት ነበር፤ አሲዱን ቀጠን አድርገን ነበር የምንሞላው፣ አንድ ነጥብ ሃያ አራት። እዚህ አንድ ነጥብ ሃያ ስምንት ነው። ጠግቦ ከተኛ ብርዱ ምንም አይለውም።»

ይህን እያሉ በጫፉ የጎማ ጡት ያለበትን የብርጭቆ ቱቦ፣ ሃይድሮሜትሩን፣ ወደ አንዱ ባትሪ ቀዳዳ አስገብተው ጎማውን ጨመቅ ለቀቅ አደረጉት፤ ፈሳሹ ወደ ላይ ሲወጣ በውስጡ ያለው ትንሽ ተንሳፋፊ ተነሥቶ ተወዛወዘ፣ ረጋም። ቱቦውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅርበው፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው፣ ጥቂት ጊዜ ዝም ብለው አነበቡና «ሃያ ሁለት፤ ይኼኛው ርቦታል» ብለው ከመሙያው ጋር አገናኙት። ስድስቱን ቀዳዳ ሁሉ አንድ በአንድ መዘኑ እንጂ አንዱን መዝነው ሌላውን አልገመቱም። ሰሌዳው ከፈሳሹ ብቅ ባለበት ቀዳዳ የተጣራ ውሃ ጨመሩበት፤ ውሃ የሚጨምሩት ባትሪውን ሊሞሉ ሲሉ እንጂ ሞልተው ከጨረሱ በኋላ አለመሆኑን፣ ምክንያቱም የገባው ውሃ ከአሲዱ ጋር ሳይዋሐድ በላይ ቀርቶ እንዳይረጋ መሆኑን ነገሩኝ።

በሳንቃው ጫፍ ለብቻው የተቀመጠ ነጭ ሣጥን አየሁ። የሊቲየም ባትሪ ነበር፤ ሊቲየም-አዮን የሚባለው ዓይነት በ1991 በጃፓን ለገበያ ከወጣ ወዲህ ከትንንሽ የእጅ ዕቃዎች ጀምሮ እየሰፋ፣ በብረትና በፎስፌት የተሠራው ዓይነት ደግሞ አሁን በጀልባ ውስጥ እየገባ ነው። የእርሱ ሕግ የእርሳሱን ሕግ ይገለብጠዋል። በቅዝቃዜ መተኛቱ አይጎዳውም፣ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ኃይል ከገባበት ግን ሊቲየሙ በውስጥ እንደ ብረት እየተነጠፈ ለዘለቄታው ያበላሸዋል፤ ለብዙ ወር ሲቀመጥም ሙሉ መሆኑ ያስረጀዋልና በግማሽ አካባቢ ሆኖ፣ ከመሙያው ተለይቶ እንዲያርፍ ይፈለጋል። አርባ ዓመት ሙሉ «ሞልተህ አስተኛ» ሲሉ ለኖሩ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከጀልባ ባለቤቶች አንዱ ባለፈው ዓመት ለበጎ ብሎ አዲሱን ባትሪ በጥር ብርድ ከመሙያ ጋር አገናኝቶት እንደ ተበላሸ ነገሩኝና፣ ሣጥኑን በመዳፋቸው ዳሰስ አድርገው «ይኼንን ደግሞ እንደ አዲስ መማር ነው» አሉ።

ከኪሳቸው የወረቀት ፕላስተርና እርሳስ አወጡ። በጥቁሮቹ ባትሪዎች ላይ ቀኑንና ቍጥሩን፣ ከቍጥሩም በታች «ሙሉ» ብለው ጻፉ፤ በነጩ ላይ «ግማሽ፤ እስከ ሚያዝያ አይነካ» ብለው በአማርኛ፣ ከሥሩም በስዊድን ቋንቋ ጻፉበት። ከዚያ የመሙያው ቀይ መብራት ብቻ እየታየ በሩን ስንዘጋው፣ ሐይቁ በውርጩ እየጸና ሲሄድ ከሩቅ የሚያሰማው ያ ረጅም የመሰንጠቅ ድምፅ ከወዲያ ማዶ እስከ እግራችን ድረስ መጣ፤ ሽማግሌውም ኮፍያቸውን ወደ ጆሯቸው ሳብ አድርገው ቁልፉን አዞሩ።